ከሰልፉ ማግስት

ጅግጅጋ፣ ጥር 20 ቀን 2016

ወላሎ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ሆዮም ደህና ናት፤ ስኳሯ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ስምሽን ሳታነሳ አትውልም።

ይህን ደብዳቤ ለመጀመር ብዙ ወረቀት አበላሸሁ። በሱማሌኛ ቢሆን "ወላሎ" ብዬ እገላገል ነበር፤ ለወንድምም ለእህትም ይሆናል። አማርኛ ግን ገና ሰላምታው ላይ "ሰነበትክ" ነው "ሰነበትሽ" ብሎ ሰውን ይይዛል። ባለፈው "እንደ ድሮው አትጥሪኝ፣ ሌላ ምንም አልለምንሽም" ብለሽ ነበር። ይኸው ሞከርኩ። እጄ ገና አልለመደም፤ ቢያመልጠኝ አትቀየሚኝ። ኢስራ የሚለውን ስምሽን ግን ብቻዬን ስሆን ድምፄን አውጥቼ ጠርቼዋለሁ። ያምራል።

በአማርኛ መጻፋችን ይቀጥል። ድሬዳዋ ተወልደን በአማርኛ መማራችን ለዚህ ቀን ጠቀመን፤ ባሌ ፈይሰል ይናገረዋል እንጂ ማንበብ ይታክተዋል። ስልኬን ግን በየቀኑ ያያል። ስልክ ሻጭ ያገባች ሴት ስልክ የላትም በይው። ስለዚህ የምጽፈውን ንጋቷ ጨርቃ ጨርቅ ሱቋ ውስጥ በስልኳ አንስታ ትልክልሻለች፣ ወረቀቱንም እዚያው ትቀደዋለች። የምትመልሺውን ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ አነባለሁ። በ2010 ከተማው ሲቃጠል እኛ ጓዳ ተደብቃ የሰነበተችው ንጋቷ ናት። አንቺ በዚያው ሰሞን ስለወጣሽ ብዙም ላታስታውሻት ትችያለሽ፤ እሷ ግን ያን ጊዜ አልረሳችውም።

ስለ ሰልፉ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ፕራይድ ይባላል፣ በዓል ነው፣ እንደ እኔ ያለ ሰው አንድ ቀን ሳይሸማቀቅ መንገድ ላይ የሚውልበት ነው ብለሻል። አምኜሻለሁ። ግን አትሂጂ። ኬፕ ታውን ሩቅ ይመስልሻል። ባለፈው ወር እዚያ የተሞሸረች የደገሀቡር ልጅ ጫማዋ እንደጠበባት ሳይቀር እዚህ ሰምተናል። የአጎታችን የአዴር ጃማ ልጅ ዐብዲወሃብም እዚያው አለ። ከሱቁ ለምን እንደወጣሽ እስካሁን ለአባቱ አልነገረውም። ለምን ዝም እንዳለ አላውቅም። ዝም የሚል ሰው ያስፈራኛል። አዴርን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገን እሱ ነው፣ አንድ ቀን ሲቆጣ አላየነውም፣ የፈለገው ነገር ግን ሳይሆን ቀርቶ አያውቅም።

እስቲ ንገሪኝ፤ ከዚህ ሰልፍ ምን ታገኚበታለሽ?

ሂቦ

ኬፕ ታውን፣ የካቲት 9 ቀን 2016

አበዮ ሂቦ፣ እህቴ፣

"ሰነበትሽ" ያልሽውን ዳቦ ቤቱ ጓሮ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ከዚያ ወደ ሥራ ተመልሼ ሊጡን ሳቦካ አንድ ነገር እንዳገኘ ሰው ነበርኩ። እህት እንደሆንኩ የጻፈልኝ የሥጋ ዘመድ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።

ዐብዲወሃብ ዝም ያለው ለእኔ አዝኖ አይደለም። ጸጉሬን ማሳደግ ስጀምር "በእኔ ሱቅ ውስጥ ይህ አይሆንም" አለኝ፤ ወጣሁ። ለአባቱ ቢናገር "አንተ ዘንድ ሳለ ነው የተበላሸው" እንዳይባል ይፈራል። አሁን የምኖረው ጆሲ ከሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ጋር ነው፤ እንደ ወንድም ነው። እሱም ወደ ሰልፉ ይሄዳል።

ምን ታገኚበታለሽ ላልሽኝ፣ ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ቃሉን ስፈልግ ሰነበትኩ። ከጅግጅጋ ወጥቼ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ወደዚህ ስንመጣ መንገድ ላይ አንድ ሰው በወባ ሞተብን። ወንዶቹ አጠቡት፣ ሰገዱበት፣ ቀበሩት። እኔም ውኃ አቀባይ ነበርኩ። ያኔ እኔ ብሞት ምን እንደሚሆን አሰብኩ። ወንዶች ያጥቡኛል። በድሮው ስሜ፣ በዐብዲረዛቅ፣ ይሰገድብኛል። መቃብሩን ከከበቡት ውስጥ ማንን እንደቀበረ የሚያውቅ አንድ ሰው አይኖርም። ከዚያ ወዲህ ፍላጎቴ ትልቅ አይደለም፤ አንድ ቀን በፀሐይ፣ በሰው መካከል፣ ራሴን ሆኜ መሄድ ነው። 

አትስጊ፤ ፊቴን በሻሽ እሸፍናለሁ፣ መነጽርም አደርጋለሁ። እዚያ ሰርግ ላይ የምትለብሱትን ዓይነት ስስ ዲራ ሰፍቻለሁ። ቀለሙ ሎሚ ነው። ብታይው ትቀኚ ነበር።

የሆዮን እጅ ሳሚልኝ፤ ከማን እንደሆነ ባትነግሪያትም።

ኢስራ

ኬፕ ታውን፣ የካቲት 26 ቀን 2016

አበዮ፣

ሄድኩ። መልስሽ ምን እንደሚል ስለማውቅ ሳልጠብቀው ሄድኩ፤ ይቅር በይኝ።

ደስ ያለኝን ላስቀድም፣ ሌላውን ወደ ኋላ። ዲራውን ለብሼ በር ላይ ስደርስ መዝጊያውን ይዤ ቆምኩ። ጆሲ "ካልቻልሽ እንመለስ" አለኝ። "ታክሲውን ጥራ" አልኩት። ቦታው ስንደርስ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። አስቢው ሂቦ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አፍጥጦብኝ ኖሬ ያን ቀን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረኝም። ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ያስቀመጡ አባቶች ነበሩ፣ ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ፣ ዊልቸር የሚገፉ። ወንበሯን ከደጇ አውጥታ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት የዲራዬን ጫፍ ያዝ አድርጋ "ማን ሰፋልሽ?" አለችኝ።

"ራሴ" አልኳት።

"አገርሽ የት ነው?"

"ጅግጅጋ" አልኳት፣ ሰው እንዲሰማ አድርጌ። የት እንደሆነ አላወቀችም። "ጅግጅጋ፣ ጅግጅጋ" እያለች ሳቀች፣ ቃሉ ጥሟት። ከበሮ ሲመታ ጨፈርኩ። ሰርግሽ ላይ ከወንዶቹ ጎን ተገትሬ እንደዋልኩት አይደለም፤ ሴቶቹ እንደሚጨፍሩት፣ የዲራውን ጠርዝ በእጄ ይዤ ጨፈርኩ። እዚያ መሐል አንድ አፍታ ምንም አልፈራሁም።

አሁን ሌላው። የዚህ አገር ነፋስ ክፉ ነው። አንድ መታጠፊያ ላይ ሻሼን ገፈፈው። መነጽሩንም ላብ ሲያስቸግረኝ አውልቄው ነበር። ከአንድ ሱቅ በር ላይ ሁለት የእኛ ልጆች ቆመዋል፤ አንደኛው ስልኩን ወደ እኔ ደግኗል። አልሰደበኝም፣ አልጮኸም። በቀስታ "ዐብዲረዛቅ" አለ፣ ጎረቤቱን እንደሚጠራ ሰው።

ዞርኩ። ከሃያ ዓመት በላይ የተጠራሁበት ስም ነውና አንገቴ ከእኔ ቀድሞ ዞረ። ፈገግ አለ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ሄዱ።

ጆሲ "የሰው ልብ ነገ በሌላ ወሬ ይያዛል" ይለኛል። እዚያ የደረሰ ነገር አለ? እንዳትደብቂኝ።

ኢስራ

ጅግጅጋ፣ መጋቢት 8 ቀን 2016

ወላሎ፣

ረመዳን ከሪም። ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ከእሳት ፊት ቆሞ ዳቦ እየጋገሩ መጾም ከባድ ነው። እዚህ ሳምቡሳ የሚጠብሱት ሴቶች ከአስር ሰዓት ጀምረው መንገዱን ይይዙታል። ልጄ ረቢዓ ዘንድሮ ግማሽ ቀን ጾማ፣ ጓዳ ገብታ ተምር ስትበላ ተያዘች። ዝናብ የለም። ከብቱ ረክሷል ይላሉ።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው የጠየቅሽኝን ላለመመለስ ነው።

ደርሷል። ንጋቷ ዘንድ ሄጄ ደብዳቤሽን ሳላነብ ነው የደረሰው። አፍጥረን ገና ማዕድ ላይ ሳለን ፈይሰል አንድ ቪዲዮ ከፍቶ ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። "ይህችን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?" አለኝ።

"አላውቃትም።"

"ደህና አድርገሽ እያት።"

"አላውቃትም አልኩህ።"

ስልኩን አጠፋና ሾርባውን ጠጣ። 

ወዲያው አዴር ጃማ ከደገሀቡር መጣ። ማታ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ወንዶቹ ተቀመጡ። ሻይ ይዤ ስወጣ ወሬው ይቆማል፣ ስገባ ይቀጥላል። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ሊሄድ ሲል አዴር ጠራኝ። "ሂቦ ልጄ፣ ወንድምሽ የት ነው የሚኖረው?" አለኝ። "ዐብዲወሃብ ዘንድ አይደለም እንዴ?" አልኩት። "ከዚያ ከወጣ ቆይቷል አሉ።" "እንግዲያ አላውቅም አዴር።" "አላህ ያሳውቀን" አለና ራሴን ዳበስ አድርጎኝ መኪናው ውስጥ ገባ።

ቤት ቀይሪ። ዛሬ ነገ አትበይ። ዳቦ ቤቱንም ተዪው። ሆዮ ምንም አልሰማችም። ሌላውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ሂቦ

ኬፕ ታውን፣ መጋቢት 17 ቀን 2016

አበዮ፣

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ከጆሲ ጋር ወደ ሌላ ሰፈር ሄድን። ዳቦ ቤቱን ግን ወዲያው መተው አልቻልኩም፤ የወር ሥራዬ አላለቀም ነበር። ዐብዲወሃብ እዚያው መጣ።

እኔ እንደጠበቅኩት አልመጣም። ተምር ይዞልኝ መጣ። ዓይኑን ከጸጉሬ ላይ እያሸሸ "አባባ ሊያነጋግርህ ይፈልጋል" ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። አዴር ነበር። ሂቦ፣ አለቀሰ። አዴር ጃማ ሲያለቅስ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? "ልጄ፣ ያለፈው አለፈ። እናትህ ሆስፒታል ናት። እግሯ ሊቆረጥ ነው። አንተን ሳላይ ቢላ አይንካኝ አለች" አለኝ። ቲኬት ተቆርጧል። ፓስፖርቴ ስላለፈበት ዐብዲወሃብ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚሰጠውን የኤምባሲ ወረቀት፣ ሊሴ ፓሴ፣ አስወጥቶልኛል፣ በድሮው ስሜ። መጋቢት 28 ነው በረራው፤ በአዲስ አበባ አድርጎ ድሬዳዋ። "ሆዮ ጅግጅጋ ሳለች ለምን ድሬዳዋ?" ብዬ አዴርን ጠየቅኩት። "ከከተማው አፍ እንድትርቅ፣ እኔው መጥቼ በመኪና እወስድሃለሁ" አለኝ።

አንቺ ስለ እግሯ አንድ ቃል አልጻፍሽልኝም። እውነት ነው? እኔ እኮ ለሆዮ ስል ጸጉሬን እቆርጣለሁ። ሱሪ እለብሳለሁ፣ ድምፄንም አወፍራለሁ፤ ለጥቂት ቀን ምን አለበት? ከዚህ ከወጣሁ መመለሻ ወረቀት እንደሌለኝ አውቃለሁ። ግን እናቴ ናት።

ቶሎ መልሺልኝ።

ኢስራ

ጅግጅጋ፣ መጋቢት 22 ቀን 2016

ኢስራ፣

ሰላምታውን ልተወው። ሰሞኑን ኔትወርክ ተቋርጧል፤ ንጋቷ እንደተመለሰ እልከዋለሁ ብላለች። በጊዜ እንዲደርስሽ ዱዓ እያደረግኩ ነው የምጽፈው።

እውነት ነው፣ ሆዮ ታማለች። ያልጻፍኩልሽ እንዳትመጪ ብዬ ነው። ግራ እግሯ ትናንት ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ተቆረጠ። አንቺንም መጥራቷ እውነት ነው። አዴር ከነገረሽ ውስጥ ያልዋሸሽ ይህን ነው።

አሁን ሌላውን ስሚ። ከኤረር አለፍ ብሎ አጥሩ ከፍ ያለ አንድ ቤት አለ። የተበላሹ ልጆች ይታረሙበታል ይላሉ። በሰንሰለት አስረው ነው የሚያርሙት። ድሬዳዋ የምትወርጂው ለዚህ ነው፤ ወደዚያ መንገዱ ከድሬዳዋ ይቀርባል። የነገረኝ ፈይሰል ነው፤ ደስ የሚያሰኘኝ መስሎት። "ሲወጣ ወንድ ሆኖ ይወጣል፣ የእናንተም ስም ይጸዳል" አለኝ። "ካልታረመስ?" አልኩት። እጁን እየታጠበ ነበር። ታጥቦ ጨረሰ፣ ፎጣ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። 

ሆስፒታል ሆዮን ሳስታምም "አንድ ነገር ደብቃችሁኛል፣ ልጄ ሞቷል እንዴ?" አለችኝ። ምን ልበላት? ነርሷ ስትወጣ በንጋቷ ስልክ ቪዲዮውን አሳየኋት። እስኪያልቅ አየች። እንደገና ክፈቺው አለችኝ፣ ከፈትኩላት። ትጮሃለች፣ ትራገማለች ብዬ እጇን ይዣለሁ። "ከስታለች" አለች። ከስቷል አላለችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወንድሜ አልልሽም ከእንግዲህ። እህቴ፣ አትምጪ። ሆዮ ብትሞትም አትምጪ። ሞተች ብለው ቢደውሉልሽም አትምጪ።

ሂቦ

መጋቢት 29 ቀን 2016

አበዮ፣

ያለሁበትን አልጽፍም፤ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድ ዐብዲወሃብ መኪና ውስጥ ነው። ጸጉሬን ተላጭቼ ነበር። እሱ እያሽከረከረ ቁርዓን ከፍቷል፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ የአንቺን እጅ ጽሑፍ አነባለሁ። "ማን ነው?" አለኝ። "ጆሲ ነው፣ መልካም መንገድ እያለኝ" አልኩት። ስለ ሰንሰለቱ ያልሽው ጋ ስደርስ ፊደሎቹ ተደባለቁብኝ። የሱን እጅ አየሁት መሪው ላይ። አብረን ነው ያደግነው፣ ድሬዳዋ ሲመጣ አንድ ፍራሽ ላይ ነበር የምንተኛው። "ዐብዲወሃብ፣ ከኤረር አለፍ ብሎ ያለውን ቤት ታውቀዋለህ?" ብዬ ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት። የሚያውቅ ከሆነ ፊቱ ላይ ማየት አልፈለግኩም።

ነዳጅ ሊቀዳ ቆመ። "ሽንት ቤት ልግባ" አልኩት። "ቶሎ በል፣ እንዳንዘገይ" አለኝ። በጓሮ በር ወጣሁ። ሻንጣዬ፣ ልብሴ፣ ዲራዬም እዚያው መኪናው ውስጥ ቀርተዋል። ስሮጥ ሰው እንዳያየኝ ፈርቼ ቀስ ብዬ ተራመድኩ።

ሲደውል፣ ሲደውል ዋለ። ከዚያ አንድ መልእክት ላከ፤ "ሂቦ ናት የነገረችህ፣ አይደል?" ይላል። ሌላ ምንም የለበትም።

ለአባቱ ሳይነግረው አያድርም። ሂቦ፣ ከዚያ ቤት ውጪ። ረቢዓን ይዘሽ ውጪ። የደረስሽበትን ንገሪኝ። ስለ ራሴ አላስብም አሁን፤ አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ።

ኢስራ

ጅግጅጋ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2016

ለኢስራ፣

እኔ ንጋቷ ነኝ። ሂቦ አትጽፍም፤ ግን በሕይወት አለች፣ ስለዚህ መጀመሪያ ትንፋሽሽን መልሺ።

አልዋሽሽም፣ የአንቺ ነገር አይገባኝም። እንዴት እንደምጠራሽ እንኳ ከሂቦ ሰምቼ ነው። ያየሁትን ግን እነግርሻለሁ።

እናታችሁ ከሆስፒታል ወጥታ ልጠይቃት ሂቦ ቤት ሄጄ ነበር። ጃማና ፈይሰል ተከታትለው ገቡ። እንድወጣ ነግረውኝ ነበር፤ አሮጊቷ እጄን ይዛ አልለቅም አለች፣ ተቀመጥኩ። ሱማሌኛ ገበያ ላይ የተማርኩት ስለሆነ ያሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ። ጃማ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። "ሂቦ ልጄ፣ ለዐብዲረዛቅ የጻፈለት ማነው?" አላት። ሂቦ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ልትናገር እንደሆነ ገባኝ። አፏን ከመክፈቷ በፊት እናቷ "እኔ ነኝ" አለች።

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ?" አላት ጃማ።

"የተቀባበላችሁትን ቪዲዮ አይቼዋለሁ። እንዳትመጣ ጻፊላት ብዬ ሂቦን ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ሰንሰለቱን ለእኔ አምጣው፤ አንድ እግር ነው የቀረኝ፣ ብዙም አያስቸግራችሁም።"

ጃማ ተነሳ። ከዚያ "አላህ ይማርሽ" ብሎ ወጣ። ያመናት አይመስለኝም። ግን የወንድሙን ሚስት፣ የታመመችን ሴት፣ ሰው ፊት ውሸታም ማለት አልቻለም።

ፈይሰል በዒድ ማግስት ሂቦን ፈታት። ረቢዓን ለእናቱ ሰጣት። ሂቦ ልጅቷን ለማስመለስ ሽማግሌ ልካለች፤ እስካሁን አልሆነላትም። ይህን አትጻፊላት ብላኝ ነበር። እኔ ግን ብደብቅሽ ሌላ ጊዜ በሌላ ሰው አፍ ትሰሚዋለሽ ብዬ ጻፍኩት። እሷና እናታችሁ ከዚህ ወጥተዋል። ወዴት እንደሄዱ አውቃለሁ፣ ያሳፈርኳቸውም እኔ ነኝ፤ አልጽፍልሽም። መኪናው ሲነሳ እናታችሁ በመስኮት "ብዪ በያት፣ እንጀራ እንኳ ባይኖር ገንፎ ትብላ" አለችኝ። ይኸው አልኩሽ።

ትናንት ሁለት ሰዎች ሱቄ መጡ። ጨዋዎች ናቸው፤ ለሚስቶቻቸው ጨርቅ ገዙ፣ አልተከራከሩም። ሲወጡ አንደኛው ፈገግ ብሎ "ስልክሽ ወረቀት ጥሩ አድርጎ ያነሳል ይባላል" አለኝ። "የቆየ ስልክ ነው" አልኩት። "ቢሆንም እናየዋለን፣ እንመለሳለን" አለኝ።

ገና አልተመለሱም። ከመመለሳቸው በፊት ስልኩን ሰብሬ ጉድጓድ ውስጥ እጥለዋለሁ፤ ይህ የመጨረሻው ነው። ከዛሬ በኋላ በዚህ ቁጥር በሂቦ ስም የሚጽፍልሽ፣ በእኔ ስም የሚመልስልሽ ሰው ቢኖር እኔ አይደለሁም። ድምፄን ብታውቂ እንኳ እኔ አይደለሁም። የት እንዳለሽም ለማንም አትናገሪ፣ ለእኔም ቢሆን። ያላወቅኩትን ማንም ከአፌ አያወጣውም።

ንጋቷ